በእናታችን ቦታ የተቀጠረችው እናት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ብዙ አትኩራራበት።

ዛሬ ጠዋት እማዬን አጥር ተደግፋ የገዛ ቤቷን አጮልቃ ስታይ አገኘኋት። በረንዳው ላይ፣ እሷ ወንበር ላይ፣ የማናውቃት ሴትዮ ተቀምጣለች። የእማዬን የሹራብ ኪሮሽ ይዛለች፤ መኪና ሲያልፍ እጇን ታንቀሳቅሳለች፣ ሲርቅ ታቆማለች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለችኝ እማዬ።

ደረቷ ላይ የተለጠፈውን ባጅ አንብቤዋለሁ። «እናት» ይላል።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

እማዬ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ቀስ ብላ «እኔ እያለሁ?» አለች። አንተ የቱሪዝም ቢሮ ኃላፊ ነህ፣ መልሱ መቼም አይጠፋህም።

ከስብሰባ ስብሰባ ስትሮጥ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ስትራቴጂህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን ይል ነበር? ጎብኚው የአካባቢውን ፏፏቴ አይቶ ብቻ ከሚሄድ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ይደር፣ ይጫወት፤ ገንዘቡም መንደሩ ውስጥ ይቅር። አምኜህ ነበር። የምረቃ ጋዋኔን ሳላጥፍ አስተባባሪ ሆኜ ገባሁልህ። ቤት ለቤት ዞሬ ሰው አሳመንኩ፤ የመጀመሪያዋም እማዬ ነበረች። «ወንድምሽ ካለ እሺ» ብላ የራሷን መኝታ ቤት ቀለም ቀባችው።

ከዚያ የጥራት መስፈርት ተቆጣጣሪዎችህ መጡ። ፍየሎቹ ይሸታሉ ተባለ፤ ፍየሎቹ ሄዱ። የተሰጣ ልብስ እይታ ያበላሻል ተባለ፤ ገመዱ ተፈታ። ለእንግዳ የብቻው በር ያስፈልጋል ተባለ፤ አባባ የገነባው ግድግዳ ተበሳ። በመጨረሻ የቤተሰቡ ድምፅ እንግዳ ይረብሻል ተባለ። እማዬ ፍራሿን አሸክማ አጠገባችን ወዳለው የአክስታችን ቤት ገባች። ስትወጣ ምን አለች መሰለህ? «ልጄ ተምሮ ነው፣ ያውቃል።»

አላወቅህም።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሽማግሌ ባልና ሚስት ነበሩ። ማታ የጸዳውን ቤት ክፍል በክፍል እየከፈቱ ሲፈልጉ አየኋቸው።

«የቤቱ ሰዎች መቼ ይመጣሉ?» አሉኝ ሰውዬው።

«ለእናንተ ምቾት ሲባል...» ብዬ ጀመርኩ።

«ምቾትማ ቤታችን አለ!» አሉኝ ሚስትየው። በነጋታው ሻንጣቸውን አንስተው ሄዱ።

ደስ ብሎኝ ነው የደወልኩልህ። አሁንማ ይገባዋል፣ እማዬን ወደ ቤቷ ይመልሳታል ብዬ። አንተ ግን ጉሮሮህን ጠራርገህ «ጥሩ ግብረ መልስ ነው፤ ክፍተቱን እንሞላዋለን» አልከኝ። ክፍተት ያልከው እናታችንን ነው! ሞላኸውም። ሆቴል ቤት የሠለጠነች «እናት» ላክህ፤ «አያት» ደግሞ በቅጥር ሂደት ላይ ነው አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ የደረስክበት እዚህ ነው?

ሴትየዋን አልቀየምኳትም። ወንበሯ ጫፍ ላይ ሆና «የኔ እህት፣ እኔም ልጆቼን ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ሁለት ቤት እናት አሳጥተህ አንድ ወንበር ሞላህ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ የእማዬን ፍራሽ አብራኝ ተሸክማ መለሰችው። ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ ነቅላ ለእማዬ ሰጠቻትና ወደ ልጆቿ ሄደች። እማዬም ገልበጥ አድርጋ አይታው «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ጣለችው።

አስተባባሪነቱን ትቻለሁ። ስትራቴጂህን ግን አልቀደድኩትም፤ የመጀመሪያው ገጽ ደህና ነው። ከነፍየሉ፣ ከነተሰጣ ልብሱ፣ ከነጫጫታው እንግዳ የሚቀበል ቤት ፍለጋ ከነገ ጀምሮ እዞራለሁ። ለሽማግሌዎቹ ባልና ሚስትም ደውዬላቸዋለሁ። «ሰው አለ?» ነው ያሉኝ መጀመሪያ።

ይህን ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ሆና «አትቆጪው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ትለኛለች። እንደዚህ የሚልልህ ሰው ከየት ቀጥረህ እንደምታመጣ አያለሁ።

ቅዳሜ ልዑካንህን አስከትለህ ለቤቱ ምረቃ ስትመጣ የእንግዳውን በር አትፈልገው፤ በሚስማር መትቼዋለሁ። የቀረው በር አንድ ነው፤ የእማዬ ወንበር ደግሞ እሱ ፊት ነው። ልዑካኑ ይለፉ። አንተ ግን እዚያው ቆመህ፣ እሷ እያለች ሌላ እናት ለምን እንዳስፈለገህ ዓይኗን እያየህ ትነግራታለህ።

እህትህ
(ይኼኛው በቅጥር አይደለም)