ሦስት ሆና ስለቀረችው የእህቴ ልጅ

ለተከበሩ የከተማችን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለምክትልዎ፣ ለምክትልዎ ምክትልና በመጣሁ ቁጥር «አሁን ገና ወጡ» ለሚሉኝ ፀሐፊዎ የማያቋርጥ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ወገብዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። የቢሮዎን ወንበር ስፖንጅ ቀይሬ ቆዳ ያለበስኩት ሶፋ ሰሪ እኔ ነኝና፣ አንዴ የተቀመጠበት ሰው ለመነሳት የሚከብደው በእኔ ጥፋት መሆኑን አልክድም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ወቀሳ ግማሹን በእኔ ላይ አድርገው ያንብቡልኝ።

ጉዳዩ የእህቴን ልጅ ይመለከታል። መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ሰፈሩ «ዳክዬ» ይላታል፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እስካሁንም ይቅር አላለችኝም። ይህችን ልጅ ትራያትሎን የሚባል ነገር ከያዛት ቆይቷል። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ ይዋኛል፣ ከውሃው ተወጥቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይኬዳል፣ ከብስክሌቱ ተወርዶ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ይህን ሁሉ አድርጎ በሕይወት የተገኘ ሰው «መካከለኛውን ርቀት ጨረሰ» ይባላል። ረጅሙን ርቀት የፈጠረው ሰው ማን ምን በድሎት እንደሆነ አላውቅም።

ልጅቷ በውጭ አገር ለሚደረግ ውድድር ተመዝግባ ተቀባይነት አገኘች። ቪዛ ለማግኘት የቀራት ከጽሕፈት ቤትዎ የሚሰጥ «ይህች ስፖርተኛ የእኛ ናት» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ውድድሩ የፊታችን እሑድ ነው፤ እሷ ግን እዚሁ ናት። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ መዋኛ ገንዳው አመሰግናለሁ። ገንዳው ቀለም ሊቀባ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ቀለሙ ደረቀ፣ ውሃው ግን አልተመለሰም። ምክንያቱን ዘበኛውን ብጠይቃቸው «ቀለሙ እንዳይበላሽ ነዋ!» አሉኝ፤ ሳስበው እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ልጅቷ ከከተማው ጀርባ ባለው ግድብ ልምምዷን ቀጠለች። መዋኘት የማልችለው እኔም በገመድ የታሰረ የመኪና የውስጥ ጎማ ይዤ ዳር ላይ እቆም ነበር። «አጎቴ፣ ድንገት ብሰምጥ ምን ታደርጋለህ?» ብትለኝ፣ ለእናትሽ ከመንገር አብሬሽ መስመጥ ይቀለኛል አልኳት። የነፍስ አድን ዕቅዳችን ይኸው ነበር፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ዕቅዶች ጋር ሲነጻጸር ግን የተሟላ ነው።

፪ኛ. ስለ ሦስቱ ክፍሎችዎ ትሕትና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደብዳቤውን ልንጠይቅ ስንመጣ የውሃ ዋና ክፍሉ ኃላፊ፣ ነገሩ ብስክሌት አለበት ብለው ወደ ብስክሌት ክፍል መሩን፤ የብስክሌት ክፍሉ ኃላፊ ፍጻሜው ሩጫ መሆኑን ሲሰሙ ወደ ሩጫ ክፍል ላኩን፤ የሩጫ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ፣ ሰው እንደረጠበ የሚገባበት ሩጫ እሳቸው ዘንድ እንደሌለ በትዕግሥት አስረድተው ወደ ዋና ክፍል መለሱን። ከውሃ ወጥታ የብስክሌት ጫማዋን የምታጠልቅባት ያቺ አጭር ጊዜ የየትኛው ክፍል ኃላፊነት ናት የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ኮሪደርዎ ረጅም በመሆኑ ልጅቷ ለልምምድ ጠቅሟታል፤ ጉልበቴ ግን ቅሬታ አለው።

፫ኛ. የዚህ ተራ ቁጥር ባለቤት ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።

፬ኛ. ስለ ደብዳቤው ምን ብዬ ላመስግን? ለሦስት የማይከፈለውን ሰው ከፈላችሁት። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን ድርሻ ጻፈ፤ ቢሮዎም አንድ ላይ አገጣጥሞ ማኅተም መታበት። እኛ በደስታ ሰክረን ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን አላየንም። ያን ዕለት ለብስክሌቷ የኮምፔንሳቶ ሣጥን ሠራሁላትና ለደንበኛ ሶፋ ባስቀመጥኩት ምርጥ ስፖንጅ ውስጡን አለበስኩት፤ እህቴም እያጉረመረመች የልጇን ሻንጣ ሸከፈች። ቆንስላው ስንደርስ በመስኮቱ በኩል የምታስተናግደው ሴት ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበችና «ሌሎቹ ሁለቱስ? ሁሉም በአካል መቅረብ አለባቸው» አለች። ለካ ደብዳቤው «ሦስት ስፖርተኞቻችን» ብሎ ይጀምርና አንዷን ዋናተኛ፣ አንዷን ብስክሌተኛ፣ አንዷን ሯጭ አድርጎ የልጅቷን ሙሉ ስም ሦስት ጊዜ ደርድሮታል። ልጅቷም «ሦስቱም እኔ ነኝ» አለች። ሴትዮዋን አልወቅሳትም፤ ቪዛ ሊጠይቅ መጥቶ ሦስት ነኝ ለሚል ሰው እኔም አልሰጥም።

፭ኛ. እዚያው በዚያው ወደ እናንተ ስንሮጥ ያሳያችሁን ጥንቃቄ ልጆቻችን ይማሩበታል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የሚታረመው ሦስቱ ክፍሎች ተሰብስበው ሁለቱ ሰዎች ሲሰረዙ ነው ተባልን። የማን ትሰረዝ? ሦስቱም ኃላፊዎች በዓመታዊ ዕቅዳቸው ላይ «አንድ ስፖርተኛ ወደ ውጭ መላክ» የሚል ስላላቸው የእኔ አትሰረዝም አሉ። ለአንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ሦስት ኃላፊዎች እንዲህ ሲሟገቱላት ማየት ዓይን ያስለቅሳል፤ አስለቅሷልም። ስብሰባው ለሚቀጥለው ሳምንት አድሯል፤ ማለትም ከእሑድ በኋላ።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ነገር የለም፤ አይስጉ። አውሮፕላኑ ሄዷል። አዘጋጆቹም ምዝገባው ለከርሞ እንደማይተላለፍ ጽፈውላታል። ከመሥሪያ ቤቷ የወሰደችው የዓመት ፈቃድ አንዴ ከተፈረመ ስለማይመለስ፣ ሳምንቱን እኔ ሱቅ መጥታ ጨርቅ ባልለበሰ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። ትናንት «ዳክዬ፣ ዛሬ ውሃ የለም እንዴ?» ብዬ ነካካኋት። ድሮ ቢሆን በእጇ ያገኘችውን ትወረውርብኝ ነበር። «ተወው አጎቴ» ብቻ አለች። ብስክሌቷንም የሚገዛ ጎረቤት መጥቶ ስትስማማ፣ ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም። እኔ ቀልድ አያልቅብኝም ይሉኝ ነበር፤ አልቆብኛል።

በስብሰባዎ መካከል ዕረፍት፣ በዕረፍትዎ መካከል ስብሰባ እንዳይጓደልብዎ፣ ዕቅድዎም ሁልጊዜ በወረቀት ላይ ከመቶ መቶ እንዲሳካልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከነቤተሰቤ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የዋናተኛዋ፣ የብስክሌተኛዋና የሯጯ አጎት፣
ሶፋ ሰሪው

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ ደውሎ፣ በዓመታዊው ሪፖርት «ወደ ውጭ የላክናቸው ሦስት ስፖርተኞች» በሚል ርዕስ የሚወጣ ፎቶግራፍ ጠይቆናል፤ ያንኑ ፎቶ በሦስት ቅጂ ልከናል። በምላሹ አንድ ነገር ይዋሉልን፤ ከላኳቸው ከሦስቱ አንዷ እንኳ የተመለሰች እንደሆነ እባክዎ ወደ ቤት ጎራ እንድትል ይንገሩልን። እኛ ጋ የቀረችው አትዋኝም፣ ብስክሌት አትነዳም፣ አትሮጥም፤ እናቷም ያችኛዋ ናፍቃታለች።