ሽማግሌዎቹ የመረቁት የድሮው ጽ/ቤት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ኮሌታው ብቻ ቀርቶኛል። ማስታወሻዬ፣ የምሰፋበትን ታውቂዋለሽ፤ የድሮው የአውራጃ ጽ/ቤት፣ የኋላው ክፍል። ግድግዳው ድንጋይ፣ ኪራዩ ቀላል። ከዚህ ብወጣ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ሌላ ቤት የምከራይበት አቅም የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ደምሴ መጣ፤ እህል ነጋዴው። የቅርስ ኮሚቴ አቋቁሞ ሰብሳቢ ሆኗል። ሐሙስ ሽማግሌዎች ቤቱን ይጎበኛሉ አለ። እስከ ትናንት የስንዴ ጆንያ ሲደረድርበት ቅርስ መሆኑን ማን ነገረው? በግም ገዝቷል። ለጉብኝት በግ ምን ያደርጋል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አባባም ለጉብኝቱ ተጠሩ። ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲመረቅ ለዱአ የሚፈለጉት እሳቸው ናቸው፤ ክርስቲያኑም ይጠራቸዋል። ይቅርብዎ አልኳቸው። ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ከጥላሽም ጋር ትጣያለሽ» አሉኝ። ተናድጄ እራት አልበላም አልኩ። ኋላ ራበኝ፣ በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ጉብኝቱ አለቀ። ችሎቱ፣ የእስረኛ ክፍሉ፣ ግምጃ ቤቱ። ችሎቱ ውስጥ አባባ ቆም አሉ። አባታቸው ለርስታቸው የተሟገቱት እዚህ ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደምሴ ግን የሚያሳየው ስንጥቅ ስንጥቁን ነው። ጣሪያው በስብሷል፣ ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል፣ ለሰው ያሰጋል። ቅርስ የሚወድ ሰው እንዲህ ነው የሚያስጎበኘው?

ከዚያ ሥጋው፤ እኛ ሴቶቹ ጓሮ ሆነን እያበሰልን በመስኮት እናያለን። ከዚያ ዱአ። የሰው ማዕድ የቀመሰ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይነሳም፤ የአገሩ ደንብ ነው። አባባ እጃቸውን ዘረጉ፦ «ያሰባችሁትን አላህ ይሙላላችሁ፤ ለፍጻሜው ያድርሳችሁ።» አሚን ተባለ። ምን እንደታሰበ የጠየቀ የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

በጠዋት የደምሴ ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። ቤቱ ይፈርሳል። የደምሴ ፎቅ ይሠራበታል። እስከ ሰኞ ልቀቂ ተባልኩ። ሕዝቡ ምን ይላል ብዬ ደምሴን ጠየቅኩት። ሽማግሌዎቹ መርቀዋል አለኝ፤ አባትሽ ራሳቸው። በግ የታረደው ለካ ለዚህ ነው! ሽማግሌ የመረቀውን እዚህ አገር ማን ይቃወማል?

ሮጬ ለአባባ ነገርኳቸው። «አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም» አሉ። «የወጣ ዱአ ደግሞ አይመለስም።» ልቆጣ ነበር የመጣሁት፤ አሳዘኑኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፣ ማለዳ

እሺ፣ ዱአው አይመለስ። አባባን ቃልዎን ይሻሩ አልልም። ግን አሚን ያሉት ወንዶቹ ናቸው። እኛ ሴቶቹ ጓሮ ድስት ላይ ነበርን፤ አፋችንን አልከፈትንም። ትናንት አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ አሚን ያለች የለችም።

ስለዚህ አልወጣም። የስፌት መኪናዬን ዋናው በር ላይ አቁሜ እሰፋለሁ። ሴቶቹም እንመጣለን ብለዋል። ይህንኑ ለአባባ ነገርኳቸው። አሁን ደጅ ቆመው እየጠበቁኝ ነው፤ ወንበር ይዘዋል፣ ሁለት፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የራሳቸው።