እማ ያለችባቸው ፎቶዎች

ታኅሣሥ 24 ቀን 1964፣ ቡታጅራ

የአራተኛ ክፍል የሂሳብ ፈተና ሳርም ዋልኩ። ግማሾቹ ማባዛትን ከመደመር አልለዩም። ጥፋቱ የማን ይሆን? የአስተማሪዋ ይሆናላ... ርዕሰ መምህሩ ዛሬም «ሳሌሃ፣ ሰርግሽን መቼ ነው የምንበላው?» አሉኝ። «ጠመኔ የተገዛልን ዕለት» አልኳቸው። ሳቁ። ጠመኔውን ግን አይገዙም።

ቤት ስገባ አባ በረንዳው ላይ በርበሬ ያስለቅማሉ። ቤታችን እንግዳውን ሁሉ ያስነጥሳል፤ እኛ ለምደነዋል። ቀና ሳይሉ «የእናትሽን ሣጥን ባዶ አድርጊው። ለሃሊማ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ሃሊማ የአጎቴ ልጅ ናት፣ ከአረፋ በኋላ ትዳራለች። እማ በነሐሴ ከሞተች ወዲህ ሣጥኑን የነካው ሰው የለም።

«እርስዎስ አያዩትም?»

«ምን አያለሁ? የሴት ዕቃ ነው።»

ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቁኝ። የማላውቅ መሰልኩ። አውቃለሁ እኮ... መቀነቷ ላይ ነው፣ መቀነቷም ትራሴ ሥር።

ታኅሣሥ 25

ከፈትኩት።

ሁለት ቀሚስ። ለዝያራ ስትሄድ የምታስረው ነጭ ሻሽ። የብር አምባሯ። ከሥር የትንሽ ልጅ ኮፊያ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ቢጫ መስመር አድርጎበታል። የሀቢቡ ነው። የወንድሜ።

እዚህ ቤት ስሙ ከተጠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አባ የወዳጃቸውን ልጅ አጭተውለት ነበር። ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ልጅ አሰገደችን ይዞ ወልቂጤ ገባ። ከሰሜን የመጡ ሰዎች፣ ክርስቲያኖች። አባ በሽማግሎች ፊት ተዋረዱ። እዚያው «ወላሂ፣ ከእንግዲህ የዚህን ልጅ ፊት አላይም» ብለው ማሉ። እማ ጓዳ ውስጥ ቆማ ሰማች። እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

ከኮፊያው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት... ፎቶዎች።

ፎቶ! እኛ ቤት? አባ «ምስል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም» የሚሉ ሰው ናቸው። የመምህርነት ምረቃ ፎቶዬን እንኳ ያስቀመጥኩት ጎረቤት ነው።

ገበያ ለገበያ እየዞረ የሚያነሳ ሰው ያነሳቸው ይመስለኛል። ከኋላ አንሶላ ተሰቅሏል፣ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው እግር ይታያል። ሀቢቡ አለ። አሰገደች አለች። በአንዱ ላይ የታቀፈው ሕፃን በሌላው ላይ ቆሟል፣ በሌላው ላይ ደግሞ እህቱን እጇን ይዟታል። መሃል ወንበር ላይ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ... እማ። ነጩን ሻሽ አስራ።

በየዓመቱ ለመውሊድ አብሬት፣ የሸሁ መቃብር ዘንድ፣ ዝያራ ትሄድ ነበር። ስንቋን የሚያስሩላት አባ ራሳቸው ናቸው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ከድጄ ለእኛም ዱዓ ታደርጋለች» ይሉ ነበር፣ ኮራ ብለው። ከአብሬት ወልቂጤ ምን ያህል ነው? ቅርብ ነው። በጣም ቅርብ ነው።

በሁሉም ላይ ትስቃለች። ጥርሷ ይታያል። እዚህ ቤት እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

ታኅሣሥ 26

አባ «ሣጥኑስ?» አሉ። «ገና ነኝ» አልኩ። ውሸት ነው? ገና ነኝ እኮ።

ታኅሣሥ 30፣ እሑድ

እትዬ ዘይባ ዘንድ ሄድኩ፣ በእግሬ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ቤታቸው። የእማ የዝያራ ጓደኛ ናቸው። ጓሮ ተቀምጠው እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። ፎቶዎቹን ሳወጣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«አገኘሻቸው?»

«ያውቁ ነበር?»

«አብሬያት ሄጄ የለ? ዝያራችንን እናደርሳለን። ከዛ እሷ ወልቂጤ ትወርዳለች፣ እኔ አብሬት እጠብቃታለሁ። ዋሸች አትበያት። ዝያራ እሄዳለሁ አለች፣ ሄደች። ከዛ ወዲያ ማን ጠየቃት?»

«ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?»

«አንቺ ደሞ የሆድሽ ሁሉ ፊትሽ ላይ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ተናደድኩ እንጂ።

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገሩኝ። እማ ስትሞት ለሀቢቡ የላኩበት እሳቸው ናቸው። መጥቶ ነበር። እስከ ከተማው መግቢያ ድልድይ ደርሶ ነበር። «ግባ ብለው እንቢ አለኝ። አባቴን በሐዘኑ ላይ መሐላ ላስፈርሰው? አለ። ድልድዩ ሥር ተቀምጦ አለቀሰና በመጣበት ተመለሰ።»

እኔ ደግሞ ለእናቱ ቀብር እንኳ አልመጣም ብዬ ይህን ሁሉ ወር ተቀይሜዋለሁ።

ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ። «ለአባትሽ አታሳዪ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። የእናትሽንም ዝያራ ታበላሺባታለሽ።»

ጥር 2

ብነግራቸው፣ ስሟን ሲጠሩ «አላህ ይዘንላት፣ ደጓ» በሚሏት ሚስታቸው ላስቀይማቸው ነው። የቀረቻቸው እሷው ናት... ትዝታዋ። ባልነግራቸውስ? ሰባን አልፈዋል። ባለፈው ክረምት ሳል ጥሏቸው ከርሟል። አንድ ቀን እሳቸውንም እንቀብራለን፣ ሀቢቡም ድልድይ ሥር ያለቅሳል።

እማስ ለምን አላቃጠለቻቸውም? እንደምትሞት ታውቅ ነበር፣ ወር ሙሉ ተኝታለች። «ሳሌሃ፣ ጣይልኝ» ማለት ያቅታት ነበር? እንዳገኛቸው ፈልጋ ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ መለየት አቅቷት ይሆናል እላለሁ። አላውቅም።

ጥር 4

ነገሩን አባ ራሳቸው አመጡት።

ከዐስር ሰላት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው «ፊቷ እየጠፋብኝ ነው» አሉ። ማን አላልኩም። «ድምጿ አለ። ፊቷ ግን... ሳስባት ያቺ ወጣቷ ትመጣለች። የኋለኛዋ አትመጣልኝም።»

«ፎቶ አላት» አልኩ። አመለጠኝ።

ሐራም ነው እስኪሉኝ ጠበቅሁ። «የት?» አሉ።

ነገርኳቸው። ወልቂጤን፣ ሀቢቡን፣ መውሊዱን፣ ሁሉንም። ድልድዩንም። ተነሱ። በርበሬው ጆንያ ዘንድ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡኝ። የታሰረውን አፍ ፈቱት። መልሰው አሰሩት። እንደገና ፈቱት።

«አምጪው።»

ይዤ ስመለስ ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

«እሱ በየት በኩል ነው?»

«በቀኟ።»

«ሸፍኚው።»

አውራ ጣቴን የሀቢቡ ፊት ላይ አደረግሁ። «ሸፈንሽ?» «ሸፈንኩ አባ።» ዐይናቸውን ገለጡ። የያዝኩበትን እጄን ከነፎቶው ወደ ብርሃኑ ሳቡት። ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ትስቃለች» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ ቤት እንዲህ...» ብለው ተዉት።

ቆይተው ወደ ልጆቹ ጠቆሙ። ከእትዬ ዘይባ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ወንዱ አብዶ ነው፣ ትንሿ በእማ ስም ከድጄ ተብላለች። ጣታቸውን አላነሱም። «እነዚህን አላይም ብዬ አልማልኩም» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ።

ጥር 5

ከሱብሂ ሰላት በኋላ «አሳዪኝ»። ሸፍኜ አሳየሁ። ከዐስር በኋላም እንደዚያው። እኔም ጣቴም ትምህርት ቤት ደክመን ዋልን።

ጥር 7

ዛሬ ሌላውን አምጪ አሉ። የመጨረሻው ዓመት ነው መሰለኝ። ሀቢቡ አብዶን አቅፎ ጉንጩን ከጉንጩ አጣብቆታል። አባቱን ስሸፍን ልጁ አብሮ ይሸፈናል። «ትንሽ ዝቅ... ወዲህ... ልጁን ልየው እንጂ» ይላሉ። ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እኔ ጣቴን አዟዙራለሁ፣ ይገልጣሉ፣ አሁንም የለም። ይጨፍናሉ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ድብብቆሽ ያጫውተኛል። አበገነኝ።

«ተጣብቀዋል አባ» አልኩ። «እኔ ልለያቸው አልችልም።»

ኮፊያቸውን አስተካክለው ወጡ። አምሽተው ገቡ። እራት አልበሉም።

ምን ነበር ዝም ብል? ግን እውነት አይደለም?

ጥር 9

ሸህ ሙሀመድአወል ዘንድ ውለው መጡ። ምሳ አቀረብኩ፣ ሳይቆርሱ ማውራት ጀመሩ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ መሐላው አይደለም። «ለባሏ ሳትነግር ልጇን ስታይ የኖረች ሴት ዝያራዋ ተቀባይነት አለው ወይ?» ብለው ነው የጠየቁት። ሲያስጨንቃቸው የሰነበተው ይሄ ኖሯል። እኔ በእሷ የተቀየሙ መስሎኝ...

ሸሁም «አንተ ዝምድና ቆርጠህ በተቀመጥክበት ቤት እሷ ዝምድና ቀጥላለች። ስለ እሷ ዝያራ ተወው፣ ስለ ራስህ ተጨነቅ» አሏቸው።

«መሐላውስ?» አልኩ።

«ዝምድና የሚቆርጥ መሐላ ይፈርሳል። ለማፍረሻው ከፋራ አለ። አሥር ምስኪን ማብላት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።» ቆጮውን ቆረሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «አሥር ሰው። አንድ ምሳ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከልጄ የለየኝ አንድ ምሳ ነው። ሳልጠይቅ ቀርቼ።»

ሲያለቅሱ አላየሁም፣ ዞር አልኩላቸው።

ጥር 12፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አበሉ። በግ ታረደ፣ ቆጮው ከእትዬ ዘይባ መጣ። አሥር ተጠርተው አሥራ አንድ መጡ። አባ የእጅ ውሃውን ለሁሉም ራሳቸው አስታጠቡ፣ እኔን ገንዳውን ብቻ አስያዙኝ። ጎረቤት «የምን ሰደቃ ነው?» እያለ ይጠይቃል። «የሚስቴ ነው» አሉ። አንድም ውሸት የለበትም።

ጥር 13

«አረፋን እዚህ ይዋሉ» አሉ። ልጆቹም፣ አሰገደችም። ስሟን ሲጠሩ ዛሬ ገና ሰማሁ። ቀድመን ሰው እንላክ ብል «ለልጄ ሽማግሌ ልላክ? እኔው እሄዳለሁ» አሉ።

ርዕሰ መምህሩን ፈቃድ ጠየቅሁ። «ለሰርግሽ ነው?» አሉኝ። «ወንድሜን ላመጣ ነው» አልኳቸው። ወንድም እንዳለኝ አያውቁም ኖሯል። ለካ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጥር 15፣ አዲስ አበባ

በተራራው በኩል በበቅሎ ቢሆን ያጥር ነበር። የአባ ጉልበት ስለማይችል በአውቶቡስ ዞርን። መርካቶ ዘመድ ቤት አደርን። ነገ የጅማውን መንገድ እንይዛለን። መኪናው ውስጥ ለሀቢቡ የያዙትን በርበሬ ታቅፈው ነው የመጡት፣ ከላይ ይጫንልን ብላቸው እንቢ አሉ። አንዴ ብቻ ተናገሩ። «ምን እለዋለሁ?»

እኔም አላውቅም። አስተማሪ ሁሉን ያውቃል ያለው ማነው?

ጥር 16፣ ወልቂጤ

እየመሸ ነው፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ልጆቹ ትከሻዬ ላይ ሆነው ምን ትጽፊያለሽ ይላሉ። ቶሎ ልጻፈው።

ከአውቶቡስ ወርደን ጠየቅን። ልብስ ሰፊው ሀቢቡ ሲባል የማያውቀው የለም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፣ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይሰፋል። ከሩቅ ለየሁት፣ አጎንብሶ ነበር። አባ ቀደሙኝ። ልደግፋቸው ስል እጄን ገፉት።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም...» አለና አቋረጠ። ቀና አላለም። ድምፁን አውቆታል። እግሩ መርገጫው ላይ እንዳለ፣ የሚሰፋውን ጨርቅ በሁለት እጁ ወደ ላይ ሳበና ፊቱን ሸፈነ። ክሩ ከመርፌው አልተቆረጠም፣ ተወጥሮ ቀረ።

«አባ፣ እንዳያዩኝ» አለ ከጨርቁ ውስጥ። «መሐላ አለብዎት።»

እኔ ሀቢቡ፣ ከፋራው ወጥቷል፣ አሥር ምስኪን በልቷል ልለው ስል አሰገደች በሩ ላይ ወጥታ ቆመች፣ ከድጄን አቅፋ።

አባ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ጎንበስ ብለው ጨርቁን ያዙት። ወንድሜ አልለቀቀም። «ልቀቅ ልጄ» አሉት። ቀስ እያሉ ወደ ታች ሳቡት፣ መጀመሪያ ግንባሩ፣ ከዚያ ዐይኑ። ክሩ ተበጠሰ። ፊቱን በሁለት መዳፋቸው ያዙና ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ሸብተሃል» አሉት።