ሠላሳ አንድ ታች ዛሬም አልበላም

ለተከበሩ የተማሪዎች አገልግሎት ዲን
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በመልካም የምግብ ፍላጎትና ከምሳ በኋላ በሚመጣው ጣፋጭ እንቅልፍ መሐል እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ መዝገብ መሠረት ከሞትኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። ቃሌን በካፌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ለመለጠፍ የተገደድኩት፣ ቢሮዎ ከሟች የሚቀርብ ማመልከቻ እንደማይቀበል ጸሐፊዎ በትሕትና ስላስረዱኝ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። የምኖረው በዶርም ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው። ክፍሉ አንድ ተደራራቢ አልጋ አለው፤ በምደባው ወረቀት ላይ የላይኛው የእኔ፣ የታችኛው የጓደኛዬ ነበር። የምግብ ካርዳችን የሚታወቀው በአልጋችን ስለሆነ እኔ «ሠላሳ አንድ ላይ»፣ እሱ ደግሞ «ሠላሳ አንድ ታች» እንባል ነበር። እኔ ከፍታ ስለምፈራ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አልጋ ተለዋወጥን። ካርድ ግን አልተለዋወጥንም፤ ማን የት እንደሚተኛ ለካፌው ምን ይጠቅመዋል ብለን።

ጓደኛዬን ግቢው ሁሉ የሚያውቀው «ቀማሹ» በሚል ስም ነው። በኮሪደራችን የተጣደ ድስት ሁሉ የእሱ ማንኪያ ሳይገባበት አይወርድም ነበር። ከአሥር ሳምንት በፊት የትምህርት ክፍሉ እነ ቀማሹን ለመስክ ልምምድ ወደ ወንዝ ወሰዳቸው። ጠዋት ሲወጣ ካርዱን ትራሴ ላይ ጥሎ «እራቴን ተቀበልልኝ፤ እንዳትነካው ደግሞ፣ የዚህ ቤት ቀማሽ እኔ ነኝ» አለኝ። እራቱን ተቀበልኩለት። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ዘጠኝ ቀን ተፈልጎ የተገኘው አንድ እግር ጫማ ብቻ ነው። እራቱ ሦስት ቀን ተከድኖ ጠበቀው፤ ከዚያ ሽታው ራሱ ውሳኔ እንድሰጥ አስገደደኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ሞቴ አመሰግናለሁ። ፍለጋው በቆመ ማግስት ፕሮክተሩ ወደ ክፍላችን መጥቶ የላይኛውን አልጋ ባዶ አየ፤ «ሠላሳ አንድ ላይ፣ ሰው የለም» ብሎ ጻፈ፤ ቢሮዎም የሠላሳ አንድ ላይን ካርድ ዘጋ። በሕይወት ላለ ተማሪ አንድ ፊርማ ለመስጠት ወር የሚፈጅበት ቢሮ እኔን ለመቅበር ግማሽ ቀን ብቻ መፍጀቱ የሚደነቅ ትጋት ነው። ስህተቱን ላስረዳ ወደ መዝገብ ክፍል ብሄድ፣ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ከእኔ ፊት ጋር ደጋግሞ ካስተያየ በኋላ በሕይወት ስለመኖሬ ከፕሮክተሩ ደብዳቤ እንዳመጣ መከረኝ። ፕሮክተሩ ደግሞ «ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው አልጋውን ነው። የላዩ ባዶ ነው፤ የታቹ የሌላ ሰው ነው። አንተን የት አግኝቼህ ልጻፍልህ?» አለኝ። ከሞቱት በላይ፣ ካሉት በታች ሲባል እሰማ ነበር፤ የዶርም ቁጥር ያለው ቦታ መሆኑን ግን ያሳወቀኝ የእርስዎ አስተዳደር ነው።

ሁለተኛ፣ ምግብ ማብሰል ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ከቀማሹ የወረስኩት አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ድስትና «ጨው መጨረሻ ላይ» የሚል አንድ ሕግ ነበር። የመጀመሪያው ሩዜ ከታች ከሰል፣ ከላይ ጥሬ ሆነ። ሁለተኛው ገንፎ ሆነ። ድንቹ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካ፤ ተሳካ ስል፣ ላጥኩና ቀቀልኩ ማለቴ ነው። ያስቸገረኝ ግን እሳቱ አልነበረም። በየቀኑ ለሁለት ሰው እለካ ነበር። በየቀኑ ማንኪያውን ከድስቱ አውጥቼ ወደ ላይኛው አልጋ አነሣና «በቃው ወይስ ይጨመር?» የሚል መልስ እጠብቅ ነበር። ማንኪያው እጄ ላይ እስኪበርድ ቆሜ የቀረሁበት ቀን አለ። ምድጃው በሦስተኛው ሳምንት በፍተሻ ተወረሰ፤ ምክንያቱም የነዋሪውን ደህንነት መጠበቅ ነው ተባልኩ። ለሟች ደህንነት ይህን ያህል መጨነቃችሁ ልቤን ነክቶታል።

ከዚያ በኋላ በግቢው በር ላይ ካለችው ትንሽ ምግብ ቤት መመላለስ ጀመርኩ። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ገና ስቀመጥ፣ ሳልጠይቅ፣ ሁለት ሹካ አመጡ። «ቀማሹስ? ዛሬ ማን መረቄን ሊያማልኝ ነው?» አሉኝ። አልሰሙም ነበር። አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር፤ ዳቦውን ከመዋጤ በፊት «ይመጣል» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስከዛሬ አላውቅም። እትዬ አንድ ሳህን ምስር ሾርባ ቀድተው ከድነው አስቀመጡለት። በማግስቱም እንደዚያው፤ በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛው ቀን በሌላኛው በር መውጣት ጀመርኩ።

ሦስተኛ፣ ጥፋቴን ልናዘዝ። የቀማሹ ካርድ እኔ ጋ ነበር። ሆድ ዕረፍት አያውቅምና አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሰልፍ ገባሁ። ካርዱን ማሽኑ ላይ ሳስነካው አረንጓዴ በራ። ካርድ ተቆጣጣሪዋ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ እንደ ልማዷ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸች፤ «ሠላሳ አንድ ታች፣ እለፍ!» የጠራችው ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ለአምስት ሳምንት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ እሱን ሆኜ በላሁ። ማካሮኒውን ሳነሣ ያነሣው እሱ ነው፤ ጎመኑን ስተው የተወው እሱ ነው። በእናንተ መዝገብ ቀማሹ አንድም ገበታ ያላመለጠው ትጉህ በላተኛ ሆነ። እኔ ጥቂት ወፈርኩ። ሟች ሲወፍር እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

የሚቀጥለውን ቁጥር ልሰጠው አልደፍርም።

ባለፈው ሳምንት የቀማሹ እናት የልጃቸውን ልብስና ሣጥን ስለሚወስዱበት መንገድ ለመጠየቅ ወደ መዝገብ ክፍል ስልክ ደወሉ። ያ ደግ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ከፈተ። እናትን ማስደሰት የማይወድ ማን አለ? «እናቴ፣ ምን ይላሉ! ልጅዎ ዛሬ ቁርሱን በልቷል እኮ» አላቸው። የካርዱን ቁጥርም ነገራቸው። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባላል። እዚህ ግን ውሃው የወሰደው ልጁን ነው፤ አረፋውን የጨበጡት እናቱ ናቸው። አረፋውን በእጃቸው ያስያዟቸው፣ ክቡር ሆይ፣ እናንተ ናችሁ።

አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው ሰኞ ምሳ ሰዓት ደረሱ። ዘበኛው እናት ናቸው ብሎ አስገባቸው። በነጠላ ጨርቅ የተቋጠረ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ከካርድ ማሽኑ አጠገብ ቆሙ። እኔ አላወቅኳቸውም። ካርዱን አስነካሁ። «ሠላሳ አንድ ታች፣ እለፍ!»

ሴትየዋ ዞሩ። እጃቸው ተዘርግቶ ነበር። ሲያዩኝ አላጠፉትም፤ እንደተዘረጋ ቀረ። ፊታቸው የእሱ ፊት ነበር፤ ያ ከድስት በላይ ያጎነበሰ፣ ግንባሩን ቋጥሮ የሚያጣጥመው ፊት።

«የልጄን ካርድ ማን ሰጠህ?» አሉኝ።

«እሱ ነው የሰጠኝ» አልኩ።

እውነት ነበር። መቼ እንደሰጠኝ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። «ተመስገን!» አሉና አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ከስቶ ይሆናላ፤ ከስቶ እንዳላየው ነው የሚደበቀኝ። ልጄ ነው አውቀዋለሁ» አሉ። ቋጠሮውን እጄ ላይ አድርገው «ግማሹን አንተ ብላ፣ ግማሹን አድርስልኝ» አሉኝ። ተቀብዬ ሄድኩ። የእኔን ድርሻ በልቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ጣፍጦኝ ነው የበላሁት። የእሱ ድርሻ የላይኛው አልጋ ላይ አለ።

ከዚያ ምሳ ወዲህ ካርዱን አልነካሁትም። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ግን ማክሰኞ ዕለት እናቱ ወደ ሠራተኛው ተመልሰው ሄዱ፤ ልጃቸው ከሰኞ ምሳ ጀምሮ እንዳልበላ ኮምፒውተሩ ነገራቸው። «ታሞብኛል ማለት ነው» አሉ። ቢሮዎ በዚህ ጊዜ አልዘገየም፤ ረቡዕ ጠዋት ነርስ ወደ ዶርማችን ላከ። ነርሷ በታችኛው አልጋ ላይ አገኘችኝ፣ ሙቀቴን ለካች፣ «ትኩሳት የለውም» ብላ በቀማሹ ፋይል ላይ ጻፈች። ለእናቱም ይኸው ተነገራቸው። ስለዚህ እበላለሁ፣ ልጃቸው ይኖራል፤ አልበላም፣ ልጃቸው ይታመማል። በሁለቱም መንገድ እናቱን የምገድላቸው እኔ ነኝ።

አሁን እናቱ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሰልፉ እስኪያልቅ ከማሽኑ አጠገብ ይቆማሉ። ከዚያ በር ላይ ወዳለችው ምግብ ቤት ይሄዳሉ። ትናንት በመስኮት አየኋቸው። እትዬ አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ በመሐላቸው የተከደነ ሳህን አለ። ለእትዬ «ይመጣል» ያልኩት እኔ ነኝ። ለእናቱ «እሱ ነው የሰጠኝ» ያልኩትም እኔ ነኝ። ሁለት ሴቶች በእኔ ሁለት ቃል ላይ ተቀምጠው አንድ ሳህን ይጠብቃሉ።

ስለ መጥሪያውም ሳላመሰግን አላልፍም። እናቱ ካርዱን ማን እጅ እንዳዩት ለሠራተኛው ሳይነግሩት አልቀሩም፤ ለመጪው ሰኞ በሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ፊት እንድንቀርብ ሁለት ወረቀት ደርሶናል፤ በደንቡ ካርድ ያዋሰም የተዋሰም እኩል ይጠየቃል። የቀማሹን ወረቀት ከእንቁላሉ አጠገብ አኑሬለታለሁ። ከቀረበ፣ የወንዙን መንገድ ስለሚያውቀው፣ ኮሚቴው የዘጠኝ ቀን ፍለጋውን ጥራት በዚያው ሊገመግምበት ይችላል።

የምለምንዎት ይቅርታ አይደለም። የበላሁትን በልቻለሁ፤ ቅጣቴን እቀበላለሁ። ካርዴም ይክፈቱልኝ አልልም። የምጠይቀው አንድ ወረቀት ነው፤ ማኅተም ያለበት፣ ልጃቸው በደወሉበት ቀን ቁርሱን እንዳልበላና ከአሥር ሳምንት ወዲህም ምንም እንዳልበላ ለእናቱ የሚገልጽ። ሠራተኛዎ ካርዱን ለመዝጋት ባለቤቱ በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት ብሎኛል። ደንቡን አከብራለሁ። እናቱ ግን ደንቡን አያውቁም፤ የሚያውቁት ኮምፒውተር እንደማይዋሽ ነው።

ነገ ዓርብ፣ ከምሳ ሰልፍ በኋላ፣ ወደ ምግብ ቤቷ ገብቼ ከፊታቸው እቀመጣለሁ፤ ካርዱ መቼ እንደተሰጠኝም እነግራቸዋለሁ። እንደማያምኑኝ አውቃለሁ። እኔ የልጃቸውን ምሳ የበላሁ ሰው ነኝ፤ እናንተ ማኅተም አላችሁ። ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር አጠገቤ ቢቀመጡ፣ ውለታዎን በሕይወት እስካለሁ፣ ማለትም ቢሮዎ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ አልረሳውም። እትዬ ሦስተኛ ሹካ አያጡም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመዝገብዎም አጭር ትውስታ እየተመኘሁ፣

በወረቀት ሟች፣ በሆድ ሕያው፣
ቀድሞ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ለአምስት ሳምንት ሠላሳ አንድ ታች የነበርኩት
የቀማሹ ጓደኛ

ማስታወሻ፦ ካርዱን ለጸሐፊዎ በእጅ አስረክቤያለሁ። አሁንም ይሠራል፤ የዛሬም ምሳ አልተበላበትም። ከስብሰባ ሲወጡ ቢርብዎት አይፈሩ፣ ማሽኑ የበላተኛውን ፊት አያይም፣ ተቆጣጣሪዋም ቀና አትልም። ቁጥሩ ሲጠራ የሚዞሩ አንዲት እናት ብቻ አሉ። እጃቸው ሲዘረጋ ምን እንደሚመልሱላቸው ግን ከአሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው፤ እኔ ሳላስብ ገብቼ ያልኩትን ነግሬዎታለሁ።