ሳይቆሽሹ ስለኖሩት አሥራ ሁለት ብልቃጦች

ለተከበሩ የምግብ ጥራትና ደኅንነት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎስ እንዴት ነው? በተለይ ጉልበትዎ። ትናንት ጠዋት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ሲወጡ ከምድር ቤቱ መስኮት አይቼዎት ደስ ብሎኛል፤ እግር ደግ ነገር ነው፣ ያለውን ሰው ሁሉ አያሳጣው። እኔን በመልክ አያውቁኝ ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቤተ ሙከራዎን ብልቃጥና ቱቦ ሳጥብ የኖርኩት፣ ባለሙያዎቹ "እትዬ ሳሙና" እያሉ የሚጠሩኝ ሴትዮ ነኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኔም የበላሁት ከእርስዎ ቤት ስለሆነ፣ ጩኸቴን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። ደንቡን ያውቁታል፤ አምራቾች ለምርመራ አምስት አምስት ኪሎ ይልካሉ፣ ምርመራው የሚፈልገው ግን አንድ ሲኒ አይሞላም፣ የተረፈውን ለእኛ ለአጣቢዎችና ለጽዳት ሠራተኞች ያከፋፍሉናል። ከጥራጥሬ ብቻ የተዘጋጀው፣ "ሥጋን የሚተካ" የተባለው ዱቄት በመጣ ጊዜም አልረሱንም። አብራኝ የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ፤ ልብስ ሰፊ ናት። ደም አንሷት ሐኪም በደንብ እንድትበላ አዟት ነበር፣ ሥጋና ወተት ደግሞ ለእኛ ቤት የሩቅ ዘመድ ናቸው። ስለዚህ ያንን ዱቄት ጠዋትም ማታም አብስዬ አቀረብኩላት። የእርስዎ ስጦታ ሲያልቅ ከሱቅ ገዛሁላት። ሰለቸኝ ስትል፣ የእኛ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ነው፣ አትሞላቀቂ፣ ብዪ እንጂ እያልኩ እቆጣት ነበር።

በሦስተኛው ወር የስፌት መኪናው መርገጫ ጠጠረብኝ አለች። ዘይት ቀባንለት። በሳምንቱ ደግሞ ያው ጠጠረብኝ አለች፤ አሁንም ቀባንለት፣ እንዲያውም ስንፍና የያዛት መስሎኝ በነገር ሸንቆጥ አድርጌያታለሁ። የጠጠረው መርገጫው ሳይሆን እግሯ መሆኑ የገባን፣ ከወንበሯ ተነስታ በሩ ድረስ መሄድ ሲያቅታት ነው። አይ እኔ! ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብዬ ዘይት ስቀባ ፊቴ ያለውን እግሯን አላየሁትም።

ሐኪሙ ምን ስትበላ እንደከረመች ጠየቀን። ዱቄቱን ወስጄ ለሰፈራችን ወፍጮ ቤት ሽማግሌ ባሳየው፣ መዳፉ ላይ በትኖ አየው፣ በምላሱም ቀመሰው። ይሄ አብዛኛው ጓያ ነው፣ ልጄ፣ ሰው ሲያዘወትረው እግር ይሰብራል፣ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም አለኝ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ግን ሽምብራና አኩሪ አተር ነበር። ሐኪሙም ሕመሙ የጓያ መሆኑን ነግሮን፣ ከእግሯ የሄደው ጉልበት እንደማይመለስ አስረዳን። እህቴ አርባ ዓመት አልሞላትም።

ሁለተኛ፣ ለመሣሪያዎችዎ ያለኝን አድናቆት ልግለጽ። ፕሮቲኑን ለክተው ከፍተኛ ነው ብለዋል፤ እውነት ነው፣ ጓያ ፕሮቲን አያንሰውም። በዚህ የሚከስዎት ቢኖር እኔው እመሰክርልዎታለሁ። ጥያቄዬ በውጤት ቅጹ አሥራ አንደኛ ተራ ላይ ነው። "እግር የሚያሽመደምድ የጥራጥሬ መርዝ፦ ተመርምሮ አልተገኘም" ይላል፤ ከሥሩም ያማረው ፊርማዎ አለ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ኬሚስትሪ አልተማርኩም። ነገር ግን በዚያ ቤት የሚሠራ ሥራ ሁሉ መጨረሻው የእኔ ገንዳ ነው። የቅባት ምርመራ ሲደረግ ቅባቱን የምፈትገው፣ የሻጋታ ሲደረግ ሳህኖቹን የምቀቅለው እኔ ነኝ። ለአሥራ አንደኛው ተራ የተመደቡት፣ አንገታቸው ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያላቸው አሥራ ሁለት ብልቃጦች ግን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተደርድረው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቆሽሸው አልመጡልኝም። አቧራቸውን ብቻ ስጠርግ ኖርኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ብልቃጥ ሳያቆሽሹ መርምረው ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ሙያ ከእርስዎ ጋር ብቻ እንዳይቀር ለሌሎችም ቢያስተምሩት መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ለቅሬታዬ ስለሰጡኝ ምላሽ። በሁለተኛው ወር ደርሶኛል፤ ፍጥነትዎን እግዜር ይባርክልዎት። ደብዳቤው የተከፈተ ከረጢት እንደማይመረመር ገልጾ፣ ያልተከፈቱ ስድስት እንዳቀርብ ይጠይቃል። ያቀረብኩት ከስጦታዎ ጥቂት ጥራጊ የቀረበትን ከረጢት ነበር፤ እሱን የከፈተው የራስዎ ቤተ ሙከራ መቀስ ነው፤ መቀሱንም ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ በተውኩት ነበር። ነገር ግን በመንገዳችን ጫፍ ያለው የሕፃናት መዋያ ይህንኑ ዱቄት ልጆቹን መመገብ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ሄጄ ለኃላፊዋ ነገርኳት። ደግ ሴት ናት፣ አላባረረችኝም። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ ከረጢቱን አዙራ ማኅተምዎን እያሳየችኝ፣ እማማ፣ ተመርምሮ እኮ ነው አለችኝ። እኔም እህቴን ያልኳት ይህንኑ ነበር። ሃያ ስድስት ልጆች ናቸው። ከሥራ ስወጣ አጥሩ ጋ ቆሜ፣ ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ እግር እግራቸውን አያለሁ።

አራተኛው ቅሬታ የሚቀርበው በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። ብልቃጦቹ እንደማይቆሽሹ እያወቅሁ ነው የኖርኩት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ሥራ ቀለለልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። እህቴ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ አንጀቴን የሚቆርጠው እሱ ነው። አሁን እሷ ጨርቁን ይዛ ትመራለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መርገጫውን እረግጥላታለሁ። ቀስ በዪ እትዬ፣ ክሩን በጠስሽው ትለኛለች፤ እንስቃለን። ከዚያ ክሩን ቀጥዬ እንደገና እረግጣለሁ።

እንግዲህ ረጅም ዕድሜን፣ ከዕድሜውም ጋር የማይከዳ ጉልበትን እየተመኘሁልዎት፣ ከምድር ቤቱ ገንዳ አጠገብ፣ እጄን በፎጣ አድርቄ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የዘወትር አጣቢዎ፣
እትዬ ሳሙና

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሥራ ሁለቱን ብልቃጦች፣ ንጹሕ ቢሆኑም፣ ዛሬ ጠዋት ደግሜ አጥቤና አድርቄ ጠረጴዛዎ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። አጠገባቸው ከልጆቹ ወጥ ቤት የለመንኩት አንድ ሲኒ ዱቄት ተቀምጧል። ምርመራው አንድ ቀን እንደሚፈጅ ባለሙያዎችዎ ነግረውኛል። ስለ እጥበቱ አይጨነቁ፤ ብቻ ቆሽሸው ይምጡልኝ። ለዚህ የሚሆን ጊዜ ካጡ ግን ዱቄቱ እንዳይባክን፣ ቤትዎ ወስደው ጠዋት ማታ ይመገቡት። አይፍሩ፣ ተመርምሯል፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው።