ለሽጉጥ የሰፋሁት ኪስ

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ዛሬም አንዱ መጣ። ኮቱን ገልብጦ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና፣ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ኪስ ይስፉልኝ፤ ጠለቅ ያለ" አለኝ፤ በግራ ብብት በኩል ያለውን ገበር እያሳየ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ልብስ ሰፊ ነገር ካበዛ ደንበኛ ይሸሻል። ደግሞስ ምን ይጠየቃል? ለመሐረብ እንዲህ ያለ ኪስ አይሰፋም። ለመጽሐፍ ቅዱስም አይሰፋም፤ እኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእጅ ነው የምንይዘው።

ድርብ ሸራ፣ አፉ ላይ ቆዳ፣ ክሩም ጫማ የሚሰፋበት። በተራ ጨርቅ ከተሠራ ብረቱ በወሩ ይበሳዋል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያው ሲቀደድ ሁለተኛውን አጠነከርኩ፣ ሦስተኛውን አሳመርኩ። ሙያ ብዬ ኮራሁበት እንጂ!

ሐጂ ሸምሱ፣ በሱቃቸው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን እንዳስቀምጥ የፈቀዱልኝ ሰው፣ ከባንኮኒው ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "ላፌቦ፣ ዘንድሮ ጢም ያላበቀለው ሁሉ ብብቱ አብጧል" አሉኝ። ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ አሁን ሳስበው አይገባኝም።

ዛሬ ያለቀ፦ ሁለት የተማሪ ሱሪ፣ አንድ የሙሽራ ኮት፣ ያ ኪስ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ምነው እጄን በሰበረው!

ጠዋት ማርቆስ ጓሮ ሲታጠብ ኮቱ አልጋው ላይ ነበር። የበኩር ልጄ ነው፤ ሃያ ዓመቱ፤ የእህል መጋዘን ጸሐፊ፤ እሑድ እሑድ ከመዘምራን ጋር ይዘምራል። ቁልፉ ሊወድቅ መድረሱን አየሁና ላጠብቅለት ኮቱን አነሳሁት። ከበደኝ።

ገለበጥኩት። በግራ ብብት በኩል፣ ኪስ። የእጅ ስፌት፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ክሩም ከእኔ ሳጥን የተወሰደ ጥቁር ክር። ልጄ አባቱ ልብስ ሰፊ ሆኖ ከአባቱ ተደብቆ ጣቱን እየወጋ ሰፍቶታል። ውስጡን አልነካሁም። መንካት አያስፈልግም፤ ክብደቱን አውቀዋለሁ።

ኮቱን እንደነበረው መለስኩት። ቁልፉን አላጠበቅኩም። ለሚስቴ ለአበበችም አልነገርኳትም። ቁርስ ላይ ማርቆስ ጸሎት አደረገ፤ እኔ ዓይኔን ሳልጨፍን ሳየው ቆየሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ወደ መጋዘኑ ሲሄድ አብሬው ወጣሁ። የሰው ጆሮ ከሌለበት ስንደርስ፣ "ብብትህ ሥር ያለው ምንድን ነው?" አልኩት። መዋሸት አልቻለም፤ በልጅነቱም ውሸት አይሆንለትም ነበር። ይመስለኝ ነበር ማለት ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ መጨረሻ ሀደሮ ከተማ ለኳስ ሄደው ከደስታ ጋር ተጣሉ። ማርቆስ ደስታን ጭቃ ላይ ጣለው፤ ተመልካቹ ሁሉ ሳቀ። ደስታ ተነሥቶ፣ "ሆሳዕና ከተማ ስንመለስ እንገናኛለን" አለ። ማርቆስ ደግሞ ፈርቷልና፣ "እኔ ባዶ እጄን እንዳልመሰልህ" አለው። ያን ጊዜ ኪሱ ውስጥ መርፌ እንኳ አልነበረም። ጉራ ነው። ወሬው ዞረ። ደስታ ሰማና ሽጉጥ ያዘ። ደስታ መያዙን ደግሞ ማርቆስ ሰማ። ብስክሌቱን ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጥቶ ሽጉጥ ወሰደ። ለእኔ ግን፣ "ብስክሌቱን ለጓደኛዬ አዋስኩት" ነበር ያለኝ።

"ደስታ የቱ?" አልኩት።

"የጊምቢቹው ልጅ። የጭነት መኪኖች ቢሮ የሚሠራው።"

አወቅኩት። መስከረም ላይ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ የሚፈልገኝ አንድ ሰው አለ፤ ታጥቋል ይላሉ" ብሎኛል። "እግዚአብሔር ይጠብቅህ" አልኩትና ለካሁት። ያ ሰው የእኔ ልጅ ነው። ያ ያስፈራው የልጄ ጉራ ነው። ኪሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ።

"ለምን አልነገርከኝም?" ስለው ማርቆስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ትጸልይልኝ ነበር።" ቀጠለና፣ "አባ፣ አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ አለ፣ ዘመድ መሐል ይገባል። እዚህ ከተማ ማን አለ? ነጭ ለባሽ ጋ ሄደህ ብታመለክት ደም አለ ወይ ይልሃል። ደም ከሌለ ሂድ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለኝ። "ሽጉጡን መልሰው" አልኩት። "እሱ ከመለሰ" አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ይህን ለመጻፍ እጄ እንቢ ይላል። ግን ካልጻፍኩት ለማን እናገራለሁ?

ደስታ መጣ። የኮቱ ገበር እጅጌው ላይ ተተርትሯል። ብረቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ እጁ ላይ ያዘና ኮቱን ሰጠኝ። "እስከ ስምንት ሰዓት ይደርስልኛል ጋሼ?" ይደርሳል አልኩት።

ገበሩን ሰፋሁ። ከዚያ ኪሱን ገለበጥኩና አፉን በሁለት ጣት ያህል አጠበብኩት። ከውስጥ ነው፤ አይታይም። ሽጉጡ ሲገባ እሺ ብሎ ይገባል፤ ሲወጣ ቃታው ክሩ ላይ ይያዛል። ሦስቴ ደጋግሜ አጠናከርኩት። ልጄን እያሰብኩ ነው የሰፋሁት። ልጄን ብቻ።

መጥቶ ለበሰው። ብረቱን ከተተው፤ ገባ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎኝ ሄደ። ከማክሰኞ ወዲህ ዛሬ ነው ራት የበላሁት። አበበች፣ "ተሻለህ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

አራት መርፌ ሰበርኩ።

የሌላ ሙሽራ ኮት የቁልፍ ቀዳዳ እየሠራሁ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ቢገናኙ የሚሆነው ታየኝ። ደስታ እጁን ወደ ብብቱ ይሰዳል። ብረቱ ይያዝበታል። ማርቆስ ኪሱን አያይም፤ እጁን ነው የሚያየው። እጁ ገባ፣ ሊያወጣ ነው ብሎ ይተኩሳል። የማርቆስ ኪስ ደግሞ አፉ ሰፊ ነው፤ ጀማሪ የሰፋው ነዋ።

ልጄን ከሞት አዳንኩ ብዬ ነፍሰ ገዳይ ላደርገው ነው። የሚሞተውም ጋሼ እያለ ኮቱን ያመነኝ የሰው ልጅ ነው።

ለአበበች ነገርኳት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው። ስትናደድ አማርኛ አይመጣላትም፤ በሀዲይኛ ነው የወረደችብኝ። "ለእነዚያ ሁሉ ስትሰፋ እናት የሌላቸው መስለውህ ነው? ዛሬ የራስህ ሲሆን ነው መርፌው የወጋህ?" አለች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ነገ ገበያ ነው። አገር ምድሩ አንድ መንገድ ላይ ይጋፋል። ማርቆስ መጋዘን ውስጥ ነው የሚውለው። ደስታ ጋ በጠዋት መድረስ አለብኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ጠል ሳይረግፍ ከሜዳው እርጥብ ሣር ነጨሁና ይዤ ሄድኩ። እኛ ዘንድ ሣር ይዞ የመጣን ሰው፣ ደመኛ እንኳ ቢሆን፣ ሳይሰሙት አይመልሱትም። ግን ሽማግሌ ለልጅ እግር ሣር ይዞ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። መንገድ ላይ ሰዎች አዩኝ። ይዩኝ።

ደስታ ከሚከራያት ክፍል በር ላይ አገኘሁት። ኮቱን ለብሷል። ሣሩን ሲያይ ደነገጠ። "ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ለእኔ ነው ይሄ?" አለኝ። ተንበረከክኩ። ሊያነሳኝ ሲታገል ነገርኩት፦ የማርቆስ አባት መሆኔን፣ የልጄ አፍ ባዶ ጉራ እንደነበረ፣ ሐሙስ ኪሱን ምን እንዳደረግሁት።

እጁን ሰደደ። ሳበ። አልወጣም። እንደገና ሳበ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ሊያስገድሉኝ ነበር!" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

"እንደሚያዝብኝ ዛሬ ገና ያወቅኩት ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?" አለኝ በኋላ። "ከያዝኩት ጀምሮ ሰው ፊት አውጥቼው አላውቅም። እጄን ደረቴ ላይ ሳደርግ መንገድ ይለቁልኛል። ሀደሮ ላይ የሳቁብኝ ልጆች አሁን ቀድመው ሰላም ይሉኛል።" ይህን ሲል ድምፁ የሕፃን ሆነ።

ኮቱን አስወለቅኩት። ምላጭ ይዤ ነበር። እዚያው ደረጃው ላይ ስፌቴን ፈታሁት። ልጄን ሊገድል የሚችለውን መንገድ በገዛ እጄ መልሼ ከፈትኩ። አለዚያ ግን ወጥመድ ነው፤ ይቅርታ አይባልም።

ሽጉጡን እንዲተው ለመንኩት። "እሱ መጀመሪያ" አለ። ሣሩን ግን ተቀበለኝ። በሩ ላይ ሰካው።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ከጸሎት በኋላ ለማርቆስ ነገርኩት።

"ፈታህለት?" አለኝ። "ተይዞ ነበር፣ አንተ ፈታህለት?" ጮኸ። አባቱ ላይ ጮኾ አያውቅም። "ልጅህ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?"

"ሁለታችሁንም ያስታጠቅኋችሁ እኔ ነኝ" አልኩት። "እሱን በመርፌዬ፣ አንተን በዝምታዬ። ኪሱ እንደተያዘ ብተወው ኖሮ ትገድለው ነበር። እጁን አይተህ።"

ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ለመዝሙር ልምምድ ጓደኞቹ ጠሩት፣ አሞኛል ብሎ መለሳቸው። ሲመሽ አበበች አጠገቡ ተቀምጣ ጭንቅላቱን ስትዳብስ አየሁ። እኔን አላስጠጋኝም። ልክ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ስነቃ ማርቆስ ወጥቷል። ኮቱ ሚስማሩ ላይ ነው። ዳሰስኩት። ከባድ ነው። ብረቱ አለ፣ እሱ የለም።

ወደ መጋዘኑ የሚኬደው በደስታ ቢሮ በኩል ነው። የዛሬው ብርድ ደግሞ አጥንት ይሰብራል፤ በሸሚዝ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ይለያል። በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ክር ማስገባት አቃተኝ። ሐጂ ሸምሱ መርፌውን ከእጄ ወስደው አስገቡልኝ። አንዱ ወጣት ኮት ይዞ መጣ። ገልብጦ ሳይዘረጋው፣ "ኪስ አልሰፋም" አልኩት። ሰደበኝና ሄደ። ጆሮዬ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ከላይ ሰፈር በር በተንጓጓ ቁጥር ተኩስ ይመስለኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄድኩ። ማርቆስ ተቀምጦ ይበላል። ከንፈሩ በብርድ ገርጥቷል።

"አየኝ" አለ፣ ቀና ሳይል። "ቢሮው በር ላይ ቆሞ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔ ቆምኩ። ሸሚዜን አየ። ላይ ታች አየኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ኮቱን አወለቀ። ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ያዘውና ቢሮው ገባ። ሰላም አላለኝም። እኔም አላልኩትም።"

አበበች እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ነገስ?" አለችው።

"ነገም እንዲሁ እሄዳለሁ።"

"ብርዱን አታየውም ልጄ?"

"ይብረደኝ" አለና እንጀራውን ቆረሰ።