«አትነቃነቁ!» እያሉ ሲቁነጠነጡ የኖሩት አባታችን

አባታችን በ1950 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይናገሩ እንደነበረው፣ አባታችን ሆዳቸው ውስጥ እያሉ መራገጥ የጀመሩ ሲሆን ከዚያም በኋላ አላቆሙም።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1969 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸውን ተከትለው ሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ። ወንድማቸው አንድ ሸራ ፊት ወር ሙሉ ሲቀመጡ፣ አባታችን አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ይጀምሩ ነበር። መምህራቸው «አንተ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ይሏቸው ነበር። ከመሳሉ ይልቅ የጥንት ሠዓሊዎችን ሥራ ማየት ይወዱ ነበር፦ ከአንድ ወገን የሚገባ ብርሃን፣ ግማሹን ጨለማ የዋጠው ፊት፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚያይበት አቀማመጥ።

ተመርቀው በአንድ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ የመድረክ ጀርባ ሥዕል እንዲሠሩ ተቀጠሩ። ብዙም ሳይቆዩ ብሩሹን ጥለው መብራት ያዙ፤ በ1982 ዓ.ም. የመጀመሪያ የሙዚቃ ክሊፓቸውን አዘጋጁ። ዘፋኙ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ዙሪያውን ያሉት እንደ ድሮ ሥዕል ደርቀው መቆማቸው የአባታችን መለያ ሆነ። «አትነቃነቁ! ተስላችኋል!» ይሉ ነበር፤ መብራቱን ግን ራሳቸው ከወዲያ ወዲህ ሲያንከራትቱ ይውሉ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ከስቱዲዮው የአልባሳት ኃላፊ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ቤት ገብተው የቤቱን ዕቃ ጠዋት በተዉት ቦታ አግኝተው አያውቁም።

በ1990 ዓ.ም. በሟች አልጋ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎችን በሚያሳይ ጥንታዊ ሥዕል አምሳያ ክሊፕ ለመቅረጽ፣ አንድ መስኮት ብቻ አስቀርተው ሳሎናቸውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑ። ጨርቁን ከውጭ ያዩ ጎረቤቶች ሰው የሞተ መስሏቸው እያለቀሱ ገቡ። አባታችን አላረሟቸውም። «ቁጭ በሉ፣ ብርሃኑ ሳይሄድ!» ብለው አልጋው ዙሪያ ደረደሯቸው። አልጋው ላይ እንደ ሟች ተኝቶ የነበረው ዘፋኝ ድንገት ብድግ ብሎ ሲዘፍን አንዲት እናት ራሳቸውን ሳቱ። ክሊፑ የአባታችንን ስም አስጠራ፤ ጎረቤቶቹ ግን ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈጓቸው። ዛሬም ወደዚህ ቀብር ከመምጣታቸው በፊት ደውለው አረጋግጠዋል።

በ2001 ዓ.ም. ወንድማቸው ለዓመታት የደከሙበትን፣ መስኮት ሥር ሽንኩርት የምትልጥ ሴት ሥዕል፣ አባታችን ሳያስፈቅዱ እንዳለ ወደ ክሊፕ ገለበጡት። ወንድማቸው «የሞቱትን ስትዘርፍ ዝም አልኩህ፤ እኔ ግን ገና አልሞትኩም!» አሏቸው። አባታችንም ይቅርታ መጠየቅ ሲገባቸው «አንተ ጋ እያለች ማን አያት? ያሳየኋት እኔ ነኝ» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት በቤተሰብ ሠርግ ሁሉ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. አባታችን የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ልጆቻቸው ፎቶ ቢፈልጉ ጥርት ያለ አንድም አላገኙም፤ ሰውን ሁሉ ሲያስቆሙ የኖሩት ሰው በየፎቶው ጭጋግ ናቸው። ይህን ሲሰሙ «ወንድሜ ይሳለኝ» አሉ። እሳቸው ይቅርታ የሚጠይቁት በዚህ መልክ ነበር፤ ወንድማቸውም ገብቷቸው ቀለማቸውን ይዘው መጡ። ስለ ሽንኩርቷ ሴት አንዳቸውም አላነሱም።

«አትነቃነቅ!»

«ብርሃኑ ከግራ ቢሆን...»

«ዝም በል አንተ፤ ዛሬ ተሳይ ነህ!»

ፊታቸው ተሳለ። እጆቻቸው ግን መጋረጃ ሲያስከፍቱና ወንበር ሲያዛውሩ አንድ ቦታ አልገኝ ስላሉ ለሌላ ቀን ተላለፉ።

አባታችን ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የዚያን ዕለት ወንድማቸውን፣ እጆቹ አሁን ጸጥ ብለዋልና ሥዕሉን ይጨርሱት ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር። ወንድማቸው ጠጋ ብለው አዩና «ይሄ የእሱ እጅ አይደለም» ብለው ብሩሻቸውን አጠቡ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለው ሥዕል እጅ የሌለው በማተሚያ ቤቱ ስሕተት አይደለም።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው አሉ። እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ዕረፍት ይስጥልን፤ እሺ ብለው እንዲያርፉም ያድርግልን።